ካርዱና ሐኪሙ፦ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የሚሰጠንና የሚወስድብን

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ለሐኪሙ ያለው ጥቅምና ጉዳት ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ እኮ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ ወረቀቱ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ምን የሚያከራክር ነገር አለ?» ብለውኛል። ኮምፒውተሩ መግባቱ እንደማይቀር እኔም አምናለሁ። የሚያከራክረው ግን እንዴት ይግባ፣ ለማን ይግባ፣ ከገባ በኋላስ ሐኪሙን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ካልተነጋገርን ሌሎች በውድ ዋጋ የተማሩትን ስሕተት እኛም በራሳችን ወጪ ደግመን እንማረዋለን የሚል ስጋት አለኝ።

በሙያው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አሳልፌአለሁ። መጀመሪያ በውስጥ ደዌ ሕክምና ሠርቻለሁ፤ በኋላም የሦስተኛ ዲግሪዬን በጤና መረጃ ሥርዓት ላይ ሠርቼ ሁለቱንም አስተምራለሁ። ስለዚህ የምናገረው በአንድ በኩል መዝገብ እንደሚጽፍ ሐኪም፣ በሌላ በኩል ሥርዓቱን እንደሚያጠና ተመራማሪ ሆኜ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሁልጊዜ አይስማሙም። አለመስማማታቸውንም አልደብቃችሁም።

ከካርድ ክፍል ልጀምር። ዛሬ ከፊቴ የተቀመጣችሁት ተማሪዎች አብዛኞቻችሁ የድሮውን የካርድ ክፍል በሚገባ አታውቁትም። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መደርደሪያዎች፣ ጠርዛቸው የተበላ ማኅደሮች፣ በመስኮቱ ፊት ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈ ሕዝብ፤ በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ በትዝታው ብቻ ካርድ የሚያገኝ ሠራተኛ። እነዚያ ሠራተኞች የሆስፒታሉ እውነተኛ አእምሮ ነበሩ። አንዱ ዓመት ዕረፍት የወጣ ዕለት ግን የብዙ ሰው የሕመም ታሪክ አብሮት ዕረፍት ይወጣ ነበር።

ኢንተርን በነበርኩበት ጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ አንዲት ሴት ሳል ይዟት ወደ ተመላላሽ ክፍል መጣች። ካርዷ ተፈልጎ አልተገኘም። እንደተለመደው ጊዜያዊ ካርድ ተከፈተላት። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የልብ ኪኒን አለኝ» አለችኝ። ከኋላዋ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ነበርና የትኛው ኪኒን እንደሆነ ሳልጠይቅ ኮትሪሞክሳዞል ጽፌላት ሸኘኋት። ኪኒኑ ዋርፋሪን ነበር። ሴትዮዋ ውጭ አገር ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የገባላት ነበረች። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ ደምን ከመጠን በላይ እንደሚያቀጥኑ በዚያን ጊዜም የታወቀ ነበር፤ እኔም ተምሬዋለሁ። በስምንተኛው ቀን አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ መጣች፤ አልተረፈችም። ካርዷ በሁለተኛው ሳምንት በሌላ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ተገኘ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዋርፋሪን ትወስዳለች» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

ይህን የምናገረው ኃላፊነቱን ወደ ካርድ ክፍሉ ለማዞር አይደለም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ነገር ግን አንድ የደከመው ወጣት ሐኪም ሳይጠይቅ ቢያልፍ የሚያስቆመው ሁለተኛ ዐይን ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ዋና ጥቅሙ ይህ ሁለተኛ ዐይን መሆኑ ነው። ስለ ጉዳቱ ብዙ የምናገር ስለሆነ ከአሁኑ ልናገረው፦ ወደዚያ ካርድ ክፍል ተመለስ ብትሉኝ አልመለስም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሎውረንስ ዊድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ስለ ሕክምና መዝገብ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። ዋና ሐሳቡ መዝገብ ሐኪሙን የሚመራና የሚያስተምር መሆን አለበት የሚል ነበር። በዚያ ዘመን የሐኪም ማስታወሻ እንደ ዕለት ማስታወሻ የተበታተነ ነበር። ዊድ ግን እያንዳንዱ የታካሚው ችግር በቁጥር ይመዝገብ፤ በየችግሩም ሥር ታካሚው የሚለው፣ ሐኪሙ ያየው፣ ሐኪሙ የገመተውና ሊያደርግ ያሰበው በቅደም ተከተል ይጻፍ አለ። ዛሬ በዋርድ ውስጥ በየቀኑ የምትጽፉት የአራት ክፍል ማስታወሻ ከእርሱ የወረሳችሁት ነው። ልብ በሉ፤ ለዊድ መዝገብ ማለት የሐኪሙ አስተሳሰብ በጽሑፍ ሲታይ ነው። ቆየት ብሎም በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሐሳብ በኮምፒውተር ለመሥራት ሞክሯል። እንግዲህ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የተፀነሰው ሐኪሙን ለማሳሰብና ለማስተማር እንጂ ለሒሳብ ክፍልና ለሪፖርት አልነበረም።

በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ክሌመንት ማክዶናልድና ባልደረቦቹ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በሬገንስትሪፍ ተቋም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ መዝገቦች አንዱን ጀመሩ። ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው ጥናት ለእኔ ከሁሉ የላቀ ትምህርት አለው። ዘጠኝ ሐኪሞች አንድ ጊዜ የኮምፒውተር ማስታወሻ እየተሰጣቸው፣ ሌላ ጊዜ ሳይሰጣቸው እንዲሠሩ ተደረገ። ማስታወሻው ሲኖር መደረግ ካለበት ነገር 51 በመቶውን አደረጉ፤ ሳይኖር ግን 22 በመቶውን ብቻ። ሐኪሞቹ ያው ሐኪሞች ናቸው፤ ዕውቀታቸውም ያው ዕውቀት ነው። ማክዶናልድ የደረሰበት መደምደሚያ ስሕተቱ ከአለማወቅ ሳይሆን የሰው ልጅ አእምሮ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል የሚመጣ ነው የሚል ነበር። ያችን ሴት ባሰብኩ ቁጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። ባለማወቅ አልነበረም የሳትኩት።

ሌላው ጥቅም ትእዛዝን የሚመለከት ነው። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ በአገራችን የቀልድ ርእስ ነው፤ ለፋርማሲው ሠራተኛ ግን ቀልድ አይደለም። የመድኃኒት ትእዛዝ በኮምፒውተር ሲጻፍ ስሙና መጠኑ ይነበባል፤ ሥርዓቱ በሚገባ ከተሠራም የመድኃኒቶችን መጋጨት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ቤትስና ባልደረቦቹ በቦስተን ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ሥርዓት ከባድ የመድኃኒት ስሕተቶችን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የቆየ ሕመም ላለባቸው፣ ማለትም ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለኤች አይ ቪ ታካሚዎች ደግሞ ቀጠሮው ያለፈው ማን እንደሆነ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ በአንድ ገጽ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲና የሞይ ዩኒቨርሲቲ በኤልዶሬት አካባቢ በምትገኝ አንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር መዝገብ ጀመሩ። ከዚያ ልምድ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ኤም አር ኤስ የተባለው፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት ተወለደ፤ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራል። በእኛም አገር መጀመሪያ ለዛምቢያ የተሠራው ስማርት ኬር ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መጥቶ በተለያዩ ሆስፒታሎች ተሞክሯል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የምንነጋገረው በደጃችን ስላለ ነገር ነው።

እስካሁን ያመሰገንኩትን አሁን ልተቸው።

የመጀመሪያው ጉዳት የጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ክሪስቲን ሲንስኪና ባልደረቦቿ በአራት የአሜሪካ ግዛቶች የሚገኙ 57 ሐኪሞችን ለ430 ሰዓታት ተከታትለው በአናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሐኪሙ ከሥራ ሰዓቱ 27 በመቶውን ብቻ ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ሲያሳልፍ 49 በመቶ የሚሆነውን በኤሌክትሮኒክ መዝገብና በጽሕፈት ሥራ ያሳልፍ ነበር። ታካሚ ለማየት ለዋለው ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ለኮምፒውተሩና ለጠረጴዛው ይከፈላል ማለት ነው። ከዚያም ማታ ቤት ገብቶ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቀጥላል። አንድ ሐኪም በቀን ከሰማንያ በላይ ሰው በሚያይበት የእኛ ተመላላሽ ክፍል ይህን ሒሳብ አስሉት። አይወጣም። ሒሳቡ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ የሚቀነሰው የታካሚው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የዐይን ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገውና የሕክምና ትምህርቱን እዚሁ ኢትዮጵያ የጀመረው ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጌዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ በስክሪን ውስጥ ለሚኖረው ታካሚ የተለየ ስም አውጥቶለታል። ዋና ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ታካሚ ግሩም እንክብካቤ ያገኛል፤ እውነተኛው ሰው ግን አልጋው ላይ ሆኖ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» እያለ ይጠባበቃል። እኔ ይህን ከማንበቤ ይልቅ ከእናቴ መስማቴ ይበልጥ ነክቶኛል። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። አንድ ቀን ከቀጠሮዋ ስመልሳት ሐኪሙ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ልጁ ጨዋ ነው፤ እማማ እያለ ነው ያናገረኝ» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ግን ነገ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም፤ አንድ ጊዜም ቀና አላለም» አለች። ልጁ የእኔ ተማሪ ነበር። ስክሪኑን መመልከት ያስተማርኩት፣ ቀና ማለትን ግን ያላስተማርኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት እግሯን አልመረመረም ነበር። መዝገቡ ላይ ግን የእግር ምርመራው «ተደርጓል» በሚል ምልክት ተሞልቷል፤ ምልክቱ ካልተሞላ ቀጣዩ ገጽ አይከፈትምና።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጉዳት ይወስደኛል፤ እርሱም የእውነት ነው። ወረቀት ላይ ሐሰት መጻፍ ድካም አለው። ኮምፒውተር ላይ ግን የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ ለዛሬ መለጠፍ የሁለት ሰኮንድ ሥራ ነው። ሁለተኛውን የራሴን ታሪክ የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥርዓቱ ወደ ኮምፒውተር በተቀየረበት አንድ ዋርድ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሐኪም ነበርኩ። ጄንታማይሲን የምትወስድ አንዲት ታካሚ ነበረችን። በየዕለቱ የሚጻፈው ማስታወሻ «የኩላሊት ሥራ ጤናማ» ይላል። ለአራት ቀን እንዲሁ አለ። እኔም ለአራት ቀን ፈረምኩ። በሁለተኛው ቀን የወጣው የክሪያቲኒን ውጤት ግን በእጥፍ ጨምሮ ነበር፤ ውጤቱ በዚያው ኮምፒውተር፣ በሌላ ገጽ ላይ ተቀምጧል። ሬዚደንቱ የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻ እየገለበጠ ነበር፤ እኔ ደግሞ የተገለበጠውን እያነበብኩ፣ እውነቱን ለመናገር ሳላነብ፣ እፈርም ነበር። በአምስተኛው ቀን «ዶክተር፣ ይህች ልጅ ሽንቷ ቀንሷል» ያለችን ነርሷ ናት፤ እርሷ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ከረጢቱን ነበር የምታየው። ታካሚዋ ከሦስት ሳምንት ተጨማሪ ቆይታ በኋላ ድና ወጣች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመጀመሪያው መዝገቡ አልነበረም። በሁለተኛው መዝገቡ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ግን አልነበረም። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል። ሁለተኛውን ግን ከማቃለል ይልቅ ሊያብሰው ይችላል፤ ምክንያቱም ንጹሕ፣ የተሟላና የተፈረመ ገጽ እምነት የሚጣልበት ይመስላል።

አራተኛው ጉዳት የአገባብ ነው። በፒትስበርግ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ስለተደረገ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በፔዲያትሪክስ መጽሔት የወጣው ጥናት የኮምፒውተር ትእዛዝ ሥርዓት ከገባ በኋላ ከሌላ ቦታ ተላልፈው በመጡ ሕፃናት ላይ የሞት መጠን ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። ከተነሡት ምክንያቶች መካከል ሕፃኑ ደርሶ ካልተመዘገበ ትእዛዝ ማስገባት አለመቻሉ፣ መድኃኒቱም ከአልጋው አጠገብ ተነሥቶ ወደ ማእከላዊ ፋርማሲ መወሰዱ ይገኙበታል። ያንኑ ሥርዓት በሲያትል ያስገባ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ግን የሞት መጨመር አላየም። መሣሪያው አንድ ሆኖ ውጤቱ የተለያየው ሥራው የተደራጀበት መንገድ ስለተለያየ ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው በየትኛውም አገር ያሉ ናቸው። የእኛ ብቻ የሆኑትን ደግሞ ልዘርዝር።

በመጀመሪያ ስም። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ከውጭ የመጣ ሥርዓት ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላለት አይራመድም። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀሐይ» የሚለው አንድ ስም በአራትና በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ በየአጻጻፉም አዲስ ካርድ ይከፈታል። በወረቀቱ ዘመን አንድ ሰው ሦስት ካርድ ነበረው ብለን አማርረን ኮምፒውተር ካስገባን በኋላ አራት መዝገብ ብንከፍትለት ምን አተረፍን? በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ይህን ችግር ለማቃለል ተስፋ ይሰጣል። መታወቂያ የሌለው ታካሚ ግን ከመስኮቱ እንዳይመለስ ከወዲሁ ማሰብ አለብን።

ሁለተኛው ዘመን ነው። እናት ልጇ «በ2010 ዓ.ም. ተወለደ» ብላ ብትናገርና መዝጋቢው 2010ን እንዳለ በአውሮፓው አቆጣጠር ቢያስገባው ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። የሕፃን መድኃኒት መጠን በዕድሜና በክብደት እንደሚወሰን ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰዓታችንም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ 8:00 ሲል ሐኪሙ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄደው አስታማሚ ግን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ብላ ታነበዋለች። ስድስት ሰዓት ለኢንሱሊን ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ታካሚያችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ እኛ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በወረቀት ላይ ቢያንስ የታካሚውን ቃል በፊደላችን አስፍረን ማለፍ እንችል ነበር። በተዘጋጀ የምርጫ ዝርዝር ውስጥ ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የምትል ሴት ምን ትሆናለች? «የሆድ ሕመም» ተብላ ትመዘገባለች። የተናገረችው ስለ ሆዷ ሳይሆን ስለ ስጋቷና ስለ ብቸኝነቷ ነው። ከዚያ የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎላት ትሄዳለች። ዊድ የማስታወሻውን የመጀመሪያ ክፍል ለታካሚው ቃል የሰጠው በከንቱ አልነበረም።

አራተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» እንላለን። ይህን ፈርተን ወረቀቱንም አንተውም፤ በመሆኑም ነርሷ አንዱን ነገር በመዝገብ ደብተር፣ በካርድና በኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ትጽፋለች። ሥራን ለማቃለል የመጣ ነገር ሥራን በሦስት አባዛ ማለት ነው። የመብራት ችግር በሌለባቸው አገሮችም ሥርዓቱ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በዓለም ላይ የተሰራጨው የኮምፒውተር ጥቃት የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት በመምታቱ ወደ 19 ሺህ የሚገመቱ ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። ስለዚህ «ሲወድቅ ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ ሥርዓቱ ከመገዛቱ በፊት ሊመለስ ይገባል።

አምስተኛው ምስጢር ነው። የካርድ ክፍሉ አንድ በጎ ጎን ቢኖረው የአንድን ሰው ምስጢር ለመስረቅ መደርደሪያ ላይ መውጣት ማስፈለጉ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ የማየው አንድ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነው። በዚያ አንድ ቃል የጎረቤትን የኤች አይ ቪ ውጤት ማየት ይቻላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። ነገር ግን አዋጁን በር ላይ ትተን ብንገባ ሕጉ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም።

ውድ ባልደረቦቼ፤ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ መዝገቡ የማን ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የነበራቸው ሆስፒታሎች ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማበረታቻ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሥሩ ስምንቱ አስገቡ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሥርዓቶች ያደጉት በክፍያ ሒሳብ ዙሪያ ስለነበር ሐኪሙ የሚያስበውን ሳይሆን ሒሳብ ክፍሉ የሚያስከፍልበትን ይጽፍ ጀመር። የእኛ አደጋ ከዚህ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ጌታው ክፍያ ሳይሆን ሪፖርት ነው። በየወሩ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል የሚላክ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ያለ ቁጥር ክትባትም ሆነ በጀት ማቀድ አይቻልም። ሆኖም መዝገቡ በሙሉ ለቁጥሩ ከተሠራ ሐኪሙ መዝጋቢ ሠራተኛ ይሆናል፤ ሳጥኑ ይሞላል፣ እግሩ ግን አይመረመርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አራት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሥርዓቱ ውስጥ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሳጥን «ይህ ለታካሚው ሕክምና ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ከሌለው አይጨመር፤ ለሪፖርት ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነም ሐኪሙ ሳይሆን ሌላ ሰው ወይም ሥርዓቱ ራሱ ያውጣው። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ ሲመረጥና ሲስተካከል ነርሷ፣ የፋርማሲው ባለሙያና የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በስብሰባው ይቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ካርድ ሲፈልግ የኖረ ሰው ስለ ስም አጻጻፍ ከማንኛችንም ይበልጥ ያውቃል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ የሚቀርበት ቀን ይወሰን፤ ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚወጣ አንድ አጭር ቅጽ ይኑር እንጂ ሦስት ቦታ መጻፍ ይቁም። አራተኛ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ጥቂትና ከባድ ለሆነው ብቻ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ነገር የሚጮኽ ሥርዓት በመጨረሻ የሚሰማው አያገኝም፤ የዋርፋሪኑ ማስጠንቀቂያም ከመቶ ተራ ማስጠንቀቂያዎች ጋር አብሮ ይዘጋል።

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ። እናንተ ከወረቀቱ ዘመን ይልቅ በኮምፒውተሩ ዘመን ታገለግላላችሁ፤ ደስ ብሎኛል። የማስተላልፍላችሁ ግን ከዊድ የወረስነውን ነው፦ መጻፍ ማሰብ ነው። የትናንትን ማስታወሻ የገለበጠ ሰው ዛሬ አላሰበም። ታካሚው ሲገባ በመጀመሪያ ፊቱን እዩ፤ ስሙን ጠርታችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዙሩ፣ ስትዞሩም «አሁን የነገሩኝን ልጽፍ ነው» በሉት። እጃችሁ ሳይነካው «መርምሬአለሁ» የሚለውን ምልክት አትንኩ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። እኔ አራት ቀን ሳላነብ ፈርሜአለሁ።

እናቴ አሁንም ያንኑ ክትትል ትሄዳለች። ያን ወጣት ሐኪም በኋላ አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ፤ አልተቆጣሁትም፣ የራሴንም ጥፋት ነገርኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ኮምፒውተሩን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጫማዋን አስወልቆ እግሯን ተመለከተ። በቀኝ አውራ ጣቷ ሥር እርሷ ራሷ ያላወቀቻት ትንሽ ቁስል አገኘ። ቁስሏ በጊዜ ታከመች። ከዚያም በኋላ በመዝገቡ ላይ ቁስሏን፣ መጠኗንና ቀኗን ጽፎ በሚቀጥለው ወር የሚያያት ሐኪም እንዳይረሳት ማስታወሻ አኖረባት። በዚያ ዕለት ኮምፒውተሩም ሐኪሙም በቦታቸው ነበሩ።